ፋብሪስን ያወቀው ማን ነው?

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ከሮም ተነሥቶ ናዝሬት የሚደርስ አንድ ታሪክ ላጫውታችሁ።

በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ካርሎ ቬርዶኔ የሚባል ጣሊያናዊ «ኮምፓኒ ዲ ስኩዎላ» የተሰኘ አስቂኝ ፊልም ሠራ፤ «የትምህርት ቤት ጓደኞች» ማለት ነው። እሱ ራሱም ተውኖበታል። ትምህርት ከጨረሱ 15 ዓመት ያለፋቸው የአንድ ክፍል ልጆች ከመካከላቸው አንዷ ጠርታቸው ይሰበሰባሉ። ሁሉም አምሮበት፣ ለብሶ ይመጣል። ሲመሽ ግን ገመናው ይወጣል፦ ዘፋኝ ነኝ ባዩ ብድር ይለምናል፤ ትዳሩ የመረረው አስተማሪ ከተማሪው ጋር ፍቅር ይዞታል።

ከሁሉም የማልረሳው ፋብሪስን ነው። ሲገባ ማንም አላወቀውም፤ መልኩ ተለውጧል። የድሮውን የክፍል ፎቶ አውጥተው ከፊቱ ጋር እያስተያዩ ተሳለቁበት። ሰውየው ተከፍቶ ሄደ። ተመልካቹ እዚህ ላይ ይስቃል። እኔ አልቻልኩም።

ለምን በሉኝ። 15 ዓመት ወደኋላ ቁጠሩ፤ በኛ አቆጣጠር 1965 ዓ.ም. ላይ ትደርሳላችሁ። ናዝሬትም በዚያ ዓመት ማትሪክ የተፈተኑ ልጆች ነበሯት። ከመቂ፣ ከዝዋይ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ፣ አንድ ደብተር ለሁለት የሚያጠኑ፣ ሲቀናቸው ሶደሬ ወርደው ፍል ውሃው ውስጥ የሚውሉ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 1967፣ የእድገት በኅብረት ዘመቻ መጣ፤ የዩኒቨርሲቲውም የ11ኛና የ12ኛ ክፍሉም ተማሪ ገጠር ወረደ። ከዚያ ቀይ ሽብር። ከዚያ የሶማሊያ ጦርነት። ከተረፉት በሱዳን በኩል የተሰደደ፣ ጣሊያን የገባ፣ አሜሪካ የቀረ አለ።

ፊልሙ በወጣበት ጊዜ የኛዎቹ ቢጠራሩ ኖሮ የስም ጥሪው ራሱ ልቅሶ ይሆን ነበር። ፋብሪስ ቢያንስ አርጅቶ መጣ። ከኛዎቹ ስንቱ ለማርጀት አልታደለም!

በሕይወት ያሉት ዛሬ 70 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ከተማቸውም ናዝሬት መባሉ ቀርቶ አዳማ ተብላለች። እናም የአዳማ፣ የሞጆ፣ የመቂ፣ የዝዋይ ሰዎች፣ የዚያን ዘመን የክፍል ፎቶ በሣጥናችሁ ያስቀመጣችሁ፣ እባካችሁ አውጡት። ጀርባው ላይ የእያንዳንዱን ስም ከነአባቱ ጻፉ፤ ያለውንም የሌለውንም። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ገና አለ፤ ዛሬውኑ ጠይቁት።