ሕፃናት በራሳቸው መተኛትን እንዲለምዱ መርዳት

ሕፃን ልጅ በሌሊት ደጋግሞ መንቃቱ ብዙ ወላጆችን ያደክማል፤ ያሳስባልም። ይሁን እንጂ በሌሊት መንቃት በራሱ በሽታ አይደለም። አዋቂም ቢሆን በሌሊት ለአጭር ጊዜ ይነቃል፤ ነገር ግን ሳያስተውለው መልሶ ይተኛል። ሁልጊዜ ታዝሎ፣ ታቅፎ ወይም ጡት እየጠባ እንቅልፍ የሚወስደው ሕፃን ግን ሲነቃም ያንኑ ይፈልጋል።

በራስ መተኛት ማለት ሕፃኑ ሳይተኛ በመኝታው ላይ ተጋድሞ ወደ እንቅልፍ መግባት መቻሉ ነው። ሕፃኑን ለብቻው በሌላ ክፍል ማስተኛት ወይም እያለቀሰ መተው ማለት አይደለም።

ሕፃናት ምን ያህል ይተኛሉ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ የቀን እንቅልፍን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚያስፈልገው መጠን የሚከተለው ነው፦

• ከልደት እስከ 3 ወር፦ ከ14 እስከ 17 ሰዓት
• ከ4 እስከ 11 ወር፦ ከ12 እስከ 16 ሰዓት
• ከ1 እስከ 2 ዓመት፦ ከ11 እስከ 14 ሰዓት
• ከ3 እስከ 4 ዓመት፦ ከ10 እስከ 13 ሰዓት

ልምምዱ መቼ ይጀመራል?

ጨቅላ ሕፃን ቀንና ሌሊትን ገና አይለይም፤ ሆዱም ትንሽ ስለሆነ በሌሊት መጥባት አለበት። በመሆኑም በመጀመሪያዎቹ ወራት በፈለገ ጊዜ ሁሉ ሊጠባ ይገባል። በዚህ ዕድሜ ቀን ቤቱን ብርሃናማ፣ ሌሊት ጨለማና ጸጥተኛ ማድረግ በቂ ነው። ጤናማና ክብደቱ በሚገባ የሚጨምር ሕፃን ወደ 6 ወር ሲቃረብ ልምምዱን ቀስ በቀስ መጀመር ይቻላል። ልምምዱ ጡት ማስጣል አይደለም፤ ሕፃኑ ሲርበው በሌሊትም ይጥባ። ያለጊዜው ለተወለደ ወይም ክብደቱ ዝቅተኛ ለሆነ ሕፃን አስቀድመው የጤና ባለሙያ ያማክሩ።

ልምምዱ ደረጃ በደረጃ

1. የመኝታ ሰዓት ይወስኑ፤ ለምሳሌ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል። በየቀኑ ይጠብቁት።
2. ከመኝታ በፊት ያሉትን ተግባራት በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ያከናውኑ፦ ጡት ማጥባት፣ ማጠብ፣ ልብስ መቀየር፣ ከዚያም እሹሩሩ። ጡቱ ቀድሞ ከተሰጠ ሕፃኑ ጡትና እንቅልፍን ማያያዙ ይቀንሳል።
3. ሲያዛጋ፣ ዓይኑን ሲያሽ ወይም ሲነጫነጭ፣ ከመተኛቱ በፊት በመኝታው ላይ ያስተኙት።
4. ካለቀሰ አጠገቡ ሆነው እጅዎን ደረቱ ላይ በቀስታ በማድረግና በለሆሳስ በማነጋገር ያረጋጉት። ካልተረጋጋ አቅፈው ያባብሉት፤ ሲረጋጋ መልሰው ያስተኙት።
5. በየጥቂት ቀኑ እገዛውን ይቀንሱ፤ ከማቀፍ ወደ መዳሰስ፣ ከመዳሰስ አጠገቡ ወደ መቀመጥ ይሸጋገሩ።
6. በሌሊት ሲነቃ ጥቂት ይጠብቁ። ከዚያም ርቦት፣ ረጥቦ፣ በርዶት ወይም ሞቆት እንደሆነ ይመልከቱ። ደማቅ መብራት አያብሩ፤ አያጫውቱት።

አባት፣ አያትና ሞግዚት አንድ ዓይነት አሠራር ቢከተሉ ሕፃኑ ቶሎ ይለምዳል። ሕፃኑ ከታመመ ልምምዱን አቋርጠው ሲያገግም ይቀጥሉ።

ቤተሰቡ በአንድ ክፍል የሚኖር ከሆነ

ይህ ለልምምዱ እንቅፋት አይሆንም። እንዲያውም ሕፃኑ ቢያንስ እስከ 6 ወር ከእናቱ ጋር በአንድ ክፍል፣ በራሱ መኝታ ላይ ቢተኛ ይመረጣል። በመኝታው ሰዓት መጋረጃ መጋረድና የቴሌቪዥንን ድምፅ መቀነስ በቂ ለውጥ ያመጣል።

ለደኅንነት ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

• ሕፃኑን ሁልጊዜ በጀርባው ያስተኙ፤ በሆዱ ወይም በጎኑ አያስተኙ።
• ጠንከር ያለና ደልዳላ ፍራሽ ይጠቀሙ። ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና ጋቢ ፊቱን ሊሸፍኑ ስለሚችሉ ያርቁ።
• አልኮል ከጠጣ፣ ሲጋራ ከሚያጨስ ወይም የሚያስተኛ መድኃኒት ከወሰደ ሰው ጋር በአንድ አልጋ አያስተኙ። ሶፋ ላይ አቅፈውት አይተኙ።
• በተዘጋ ቤት የከሰል ምድጃ አያስገቡ፤ ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል።
• ወባ ባለበት አካባቢ አጎበር ይጠቀሙ፤ ጠርዙን ከፍራሹ ሥር ያስገቡ።
• ለማስተኛት ብለው ሽሮፕ፣ አልኮል ወይም ማንኛውንም መድኃኒት አይስጡ።

ከ1 ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች

የቀን እንቅልፍ እስከ አመሻሽ እንዳይዘልቅ ያድርጉ። ከመኝታ በፊት ስልክና ቴሌቪዥን ያርቁ። «አያ ጅቦ መጣ» እያሉ ማስፈራራት ልጁ ጨለማንና መኝታውን እንዲፈራ ያደርገዋል። ከዚህ ይልቅ አጭር ተረት ይንገሩት፤ ከአልጋው ሲነሳም ሳይቆጡ መልሰው ያስተኙት።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ሕፃኑ መጥባት ካቃተው፣ ያለወትሮው ከፈዘዘ ወይም ለማንቃት ካስቸገረ፣ ካንቀጠቀጠው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ትኩሳት ካለው ወይም አተነፋፈሱ ከፈጠነ ሳይዘገዩ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ሲተኛ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቋረጥ ልጅም መመርመር አለበት።

እናት ከሁለት ሳምንት በላይ ኀዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ ከተሰማት፣ ወይም ሕፃኑ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ካላት ሕክምና ያስፈልጋታል። ሕፃኑን ወይም ራሷን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ብቻዋን ሳትተው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ትወሰድ።

አስቸኳይ ላልሆኑ ጥያቄዎች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎን ያነጋግሩ፤ ወይም በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት እንዲሁም በ9 እና በ15 ወር ባሉት የክትባት ቀጠሮዎች ያንሡ።