ለጀማሪ የተፈጠረው የኮምፒዩተር ቋንቋ፤ የቤዚክ ታሪክ



የወር መዋጮ ከፍለን ሻይ በምንልበት ጊዜ ከወላጆች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ሲነሳ እሰማለሁ። «ልጄ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ልማር ይለኛል፤ አንዱ ይህን ቋንቋ ያዝ ይለዋል፣ ሌላው ደግሞ እሱማ አርጅቷል ይለዋል፤ ገንዘቤን በየትኛው ላይ ላውጣ?» የሚል ነው። ልጆቹም ቢሆኑ ሦስት ወር የለፉበትን ቋንቋ ጓደኛ ስላጣጣለባቸው ብቻ ጥለው ሌላ ይጀምራሉ፤ ያንንም ሳይጨርሱ ይተዉታል። ለመሆኑ ይህ ክርክር ዛሬ የመጣ ነውን? አይደለም፤ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለሆነም የክርክሩን ታሪክ ላጫውታችሁ ብዬ ብዕሬን አንስቻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ኮምፒዩተር የሚባለው መኪና በራሱ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። የቀድሞዎቹ ባለሙያዎች ትእዛዙን ሁሉ አንድ በአንድ ይጽፉለት ነበር፤ ይህን ቁጥር ከዚህ አንሳ፣ ከዚያኛው ጋር ደምር፣ ውጤቱን እዚህ አስቀምጥ እያሉ። በ1957 አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ በጆን ባከስ መሪነት የተዘጋጀውን ፎርትራን አወጣ። ፎርትራን የሒሳብ ሰው በለመደው አጻጻፍ ያሰፈረውን ቀመር ተቀብሎ ወደ መኪናው ቋንቋ የሚያስተረጉም ነው። ለንግድና ለመዝገብ ሥራ ደግሞ ኮቦል ተከተለ፤ በ1959 ኮሚቴ ተቋቁሞለት በ1960 ይፋ ሆነ። ኮቦል ወሬ ያበዛል፤ እንደ ደብዳቤ በረጅሙ ነው የሚጻፈው። የዕድራችን ጸሐፊ ቢያዩት ደስ ይላቸው ይሆናል፤ የሒሳብ ሊቅ ግን ይሰለቸዋል። ይሁን እንጂ በብዙ የውጭ አገር ባንኮች ዛሬም እየሠራ ነው።

ወደ ዋናው ታሪካችን እንግባ። በአሜሪካ፣ በኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ ሃኖቨር በምትባል ትንሽ ከተማ ዳርትመዝ የሚባል ኮሌጅ አለ። በዚያ ሁለት የሒሳብ መምህራን ነበሩ። አንደኛው ጆን ኬመኒ በ1926 ቡዳፔስት ውስጥ ተወልደው በ1940 ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሜሪካ የተሰደዱ፣ በወጣትነታቸውም የአልበርት አይንስታይን የሒሳብ ረዳት የነበሩ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ቶማስ ከርትዝ ይባላሉ።

በመጀመሪያ ላይ ኮሌጁ የራሱ ኮምፒዩተር አልነበረውም። ስለዚህ ከርትዝ የተበሱ ካርዶቻቸውን ይዘው በባቡር ወደ ቦስተን አካባቢ፣ ኤም.አይ.ቲ. ወደሚባለው ተቋም ይመላለሱ ነበር። አንድ ጊዜ የስታቲስቲክስ ሥራ ይዘው ቀረቡ። ፎርትራን የመኪናውን ጊዜ ያባክናል ይባል ስለነበር በመኪናው ጥሬ ቋንቋ ጻፉት። ወራት ፈጀባቸው፤ ስሕተቱ አልያዝ አለ፤ የመኪናውም ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል በከንቱ አለቀ። ቢቸግራቸው በፎርትራን ጻፉት፤ በአምስት ደቂቃ መልሱ ወጣ! አባካኝ የተባለው ቋንቋ ቆጣቢ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ሰው የሚደክመው ድካም አለመቆጠሩ ነበር ስሌቱን ያበላሸው።

ፎርትራንም ቢሆን ለተራ ተማሪ ቀላል አልነበረም። ተማሪው ካርዱን ለመኪና ክፍሉ ሠራተኛ አስረክቦ ወረፋ ይጠብቃል፤ በማግሥቱ ሲመጣ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ጎደለች ተብሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። ኬመኒና ከርትዝ ግን የፈለጉት ሒሳብና ፊዚክስ የሚማረው ብቻ ሳይሆን ታሪክና ሥነ ጽሑፍ የሚማረውም መኪናውን በእጁ እንዲነካ ነው። ለዚህም ሁለት ነገር አስፈለገ። አንደኛው አንድ መኪና ብዙ ሰዎችን በየተራ በቅጽበት እያስተናገደ ሁሉም የብቻው እስኪመስለው የሚያገለግልበት ዘዴ ነው። ሁለተኛው አዲስ ቋንቋ ነው። ከርትዝ ፎርትራንን ወይም አልጎልን ቀንሰን እንጠቀም ቢሉም ኬመኒ፣ የለም፣ አዲስ ይሠራ አሉ። ሥራውንም በአብዛኛው የሠሩት፣ ይገርማል፣ የኮሌጁ ወጣት ተማሪዎች ናቸው። በሜይ 1 ቀን 1964፣ በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ ሁለት ሰዎች በሁለት ቴሌታይፕ በአንድ ጊዜ ያስገቡት ፕሮግራም ትክክለኛ መልስ መለሰ። ቋንቋው ቤዚክ ተባለ።

ልዩነቱን በራሳችን ሒሳብ ላሳያችሁ። 200 አባል በወር 50 ብር ቢያዋጣ በዓመት ስንት ይሆናል? በቤዚክ ሁለት መስመር ይበቃል። 10 ቁጥር በተሰጠው መስመር ላይ «ፕሪንት» ብሎ 200 ሲባዛ በ50 ሲባዛ በ12 መጻፍ፤ 20 ቁጥር በተሰጠው ላይ «ኤንድ» ማለት። 120,000 ብሎ ያትማል፤ አለቀ። በዚያ ዘመን ፎርትራን ግን ሙሉ ቁጥርና ክፍልፋይ ያለው ቁጥር ተለይተው ይያዛሉ፤ መልሱም በወረቀቱ ላይ ስንት አኃዝ እንደሚይዝ አስቀድሞ በሌላ መስመር ይነገራል። ለባለሙያው ይህ ጥቅም አለው። ለጀማሪው ግን በሩ ላይ የተጋደመ ግንድ ነው።

ሁለቱ መምህራን የኮምፒዩተሩን ክፍል መደርደሪያው ክፍት ከሆነ ቤተ መጻሕፍት ጋር ያመሳስሉት ነበር፤ አንባቢ መጽሐፍ ሲያወጣ ለምን ፈለግኸው ተብሎ እንደማይጠየቅ ሁሉ ተማሪውም አይጠየቅም፣ አይከፍልም።

ከዚያ በኋላ ቋንቋው ከኮሌጁ ወጣ። በ1975 አልቴር 8800 የተባለ በቤት የሚገጣጠም ትንሽ ኮምፒዩተር ብቅ ሲል ቢል ጌትስና ፖል አለን ቤዚክን አሳጥረው ጻፉለት። በ1977 አፕል ሁለተኛው፣ ኮሞዶር ፔትና ቲ.አር.ኤስ. 80 ወጡ። እነዚህን መኪናዎች ገዝቶ የሚያበራ ሰው ቤዚክ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። መጽሔቶች ሙሉ ፕሮግራም ያትሙ ነበር፤ ልጆች መስመር በመስመር እያዩ ይገለብጡታል፤ አንዲት ቁጥር ከተሳሳተች አይሠራም፣ የተሳሳተችዋን ሲፈልጉ ያመሻሉ። በእኔ ግምት ብዙዎቹ ፕሮግራም የተማሩት በዚያ ፍለጋ ነው።

ታዲያ ውግዘቱ ከየት መጣ? በቤዚክ «ጎቱ» የሚል ትእዛዝ አለ፤ ወደ 300ኛው መስመር ሂድ፣ ወደ 40ኛው ተመለስ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ሲረዝም መሄድና መመለሱ ተጠላልፎ የጻፈው ሰው ራሱ መውጫው ይጠፋዋል። ሆላንዳዊው ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ በ1968 ጎቱን ተቃውመው ጻፉ። በ1975 ደግሞ ፎርትራንንም ኮቦልንም ሲነቅፉ፣ ቤዚክን ቀድሞ የተማረ ሰው አእምሮው ስለተጎዳ ጥሩ ፕሮግራም ማስተማር አይቻልም እስከ ማለት ደረሱ። ኧረ ይህስ በዛ! ስለ ጎቱ የተናገሩት እውነት ነው፤ ከእሳቸው በኋላ የመጡት ቋንቋዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ሰምተዋቸዋል። ስለ ሰው የተናገሩት ግን አልሆነም። በቤዚክ ጀምረው ሌላ ቋንቋ የለመዱ፣ ታላላቅ ሥራ የሠሩ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ከቤዚክ ጋር ይወዳደር የነበረው ፓስካል ነው። ስዊሳዊው ኒክላውስ ቪርት በ1970 ለማስተማሪያ ያወጡት ሲሆን፣ የምትጠቀምበትን ሁሉ አስቀድመህ አስመዝግብ የሚል ነው። እንደ ቁጡ የኔታ ነው፤ ተማሪው ይማረርበታል፣ ሲያድግ ግን ያመሰግነዋል። ኬመኒና ከርትዝም ቢሆኑ በየገበያው የተበተነውን ቤዚክ አልወደዱትም፤ «የመንገድ ቤዚክ» ይሉት ነበር። በዳርትመዝ የነበረው ተሻሽሎ ያለ ጎቱ የሚጻፍ ሆኖ ነበርና፣ በ1985 «እውነተኛው ቤዚክ» ብለው የራሳቸውን አወጡ። ገበያው ግን ብዙም አልተከተላቸውም።

በቤዚክ ቦታ የገባው ከወደ አምስተርዳም መጣ። ዳይክስትራ በወጣትነታቸው የሠሩበት የሒሳብ ተቋም ውስጥ፣ እሳቸው ከለቀቁ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ቤዚክን ለጀማሪዎች የሚተካ ተብሎ ኤ.ቢ.ሲ. የሚባል ቋንቋ ተሠራ። እሱ ብዙ ተጠቃሚ አላገኘም። ነገር ግን በዚያ ሥራ ላይ የነበሩት ጊዶ ቫን ሮሰም በ1991 ፓይተንን አወጡ፤ ዛሬ ልጆቻችን የሚያነሱት ፓይተን ይኸው ነው። መስመር ወደ ውስጥ ገባ እያደረጉ መጻፍን ከኤ.ቢ.ሲ. ነው የወረሰው። ከ2008 በወጣው በሦስተኛው ፓይተን ደግሞ ለምንይዘው ቁጥር በራሳችን ፊደል ስም መስጠት ይቻላል፤ «መዋጮ» ብሎ ጽፎ 50 ማለት፣ «አባል» ብሎ 200 ማለት ነው። የትእዛዝ ቃሎቹ ግን እንግሊዝኛ እንደሆኑ ናቸው።

ለትንንሾቹ ሌላ መንገድ አለ። በ1967 ደቡብ አፍሪቃ የተወለዱት ሲሞር ፓፐርት ከባልደረቦቻቸው ጋር ሎጎ የተባለውን የሕፃናት ቋንቋ ሠሩ፤ ልጁ ኤሊ የምትባለውን ወደፊት ሂጂ፣ ወደ ቀኝ ዙሪ እያለ ሥዕል ያስላታል። የእሱን ፈለግ ተከትሎ በ2007 ከኤም.አይ.ቲ. የወጣው ስክራች ትእዛዞቹን እንደ ጡብ በመደራረብ ይሠራል፤ በነፃም ይገኛል። ቋንቋ ከሚመረጥበት ዝርዝር ውስጥ አማርኛ አለበት።

ኬመኒ በ1992፣ ከርትዝ በ2024 በ96 ዓመታቸው አርፈዋል። በ2019 የኒው ሃምፕሸር ግዛት ቤዚክ እዚያ መወለዱን የሚናገር የታሪክ ምልክት በመንገድ ዳር አቁሟል፤ ያን ጊዜ ከርትዝ በሕይወት ነበሩ።