ፊያት፦ የስሙና የእጆቹ ታሪክ



በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ «ፊያት» የሚለውን ስም ያልሰማ ጎልማሳ አይገኝም። ከአስመራ ተነሥቶ በአላማጣና በቆቦ የሚመጣው፣ ወልድያንና መርሳን አልፎ ወደ ደሴ የሚዘልቀው መንገድ ይህን ስም ስንት ዘመን አመላልሶታል። ስሙን እንጂ ሠሪዎቹን የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። እነሆ፣ ስለ እነርሱ ጥቂት ላውጋችሁ።

ስሙ የአራት ቃላት መነሻ ፊደል ነው፤ «ፋብሪካ ኢታሊያና አውቶሞቢሊ ቶሪኖ»፣ ማለትም የቶሪኖ የኢጣልያ መኪና ፋብሪካ። የተቋቋመው በሐምሌ ወር 1891 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይኸውም ከሀብሩ ጎረቤት በምትገኘው በውጫሌ ውሉ ከተፈረመ ዐሥር ዓመት፣ ከዐድዋ ድል ደግሞ ሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

መሥራቾቹ መኳንንትና ባለሀብቶች ነበሩ። ከመካከላቸው የቀድሞ የፈረሰኛ ጦር መኮንን የነበረው ጆቫኒ አኜሊ ኋላ ዋናው ሰው ሆነ። ገንዘብ ብቻውን ግን መኪና አይሠራም። ስለዚህ እዚያው ቶሪኖ ብስክሌት ይሠራ የነበረውን የጆቫኒ ባቲስታ ቼይራኖን አነስተኛ ፋብሪካ በ30,000 ሊሬ ገዙ። ከዕቃው ጋር ሰዎቹም አብረው መጡ። ከነዚህ አንዱ መሐንዲሱ አሪስቲዴ ፋቾሊ ነው።

የፊያትን የመጀመሪያ መኪና ያወጣው ይኸው ፋቾሊ ነበር። መኪናዋ ሞተሯ ከኋላ፣ ሁለት ሲሊንደር ያላት፣ ጉልበቷም ሦስት ፈረስ ተኩል ብቻ ነበር። የኋላ ማርሽ እንኳ አልነበራትም፤ ወደ ኋላ ለመመለስ ወርዶ መግፋት ነው! በ1892 ዓ.ም. የተከፈተው ፋብሪካ በ35 ሠራተኞች 24 መኪና ሠራ።

ብዙም ሳይቆይ አኜሊ «እንደ ጀርመኖቹ ሞተሩ ከፊት ይሁን» የሚል ሐሳብ ያዘ። ፋቾሊ አልስማማም ብሎ በ1893 ዓ.ም. ሥራውን ለቀቀና መሐንዲስ ጆቫኒ ኤንሪኮ ተተካ። ፋቾሊ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የሠራው አውሮፕላን በጥር 1901 ዓ.ም. በልጁ በማሪዮ አብራሪነት ከመሬት ተነሣ፤ ኢጣልያኖች ራሳቸው ሠርተው ያበረሩት የመጀመሪያው አውሮፕላን ይህ ነው። ከቼይራኖ ቤት በሒሳብ ጸሐፊነት የጀመረው ቪንቼንዞ ላንቻም ለፊያት በእሽቅድምድም ሲነዳ ቆይቶ በ1899 ዓ.ም. በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ አቋቋመ።

ታዲያ ፊያት ወደ እኛ አገር የገባው በደግ አልነበረም። ከማይጨው ጦርነት በኋላ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጠላት ደሴን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ፣ ወታደሩንና ስንቁን የጫነው በከባድ መኪና ነው። ፊያትና ላንቻም ከነዚያ መኪኖች መካከል ነበሩ። በዚያ ዘመን የታወቀው ፊያት 634 ሲሆን፣ የእኛ ሰው «ትሬንታ ኳትሮ» ይለዋል፤ ሠላሳ አራት ማለት ነው።

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ መኪናው ቀረ። የቀረውን መኪና የገዛ ዕቃችን ያደረጉት ሾፌሮቻችን፣ ረዳቶቻችንና መካኒኮቻችን ናቸው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ጎማ፣ ጋቢና የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። በመዝገበ ቃላት አልገቡም፤ ዘይት በነካው እጅ ገቡ እንጂ። በ1940ዎቹ አጋማሽ የወጣውን ፊያት 682ንም ተቀብለው «ኤንትሬ» አሉት። በ1960ዎቹ መጀመሪያም የፊያት መኪና አዲስ አበባ ላይ በአምቼ ይገጣጠም ጀመር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በወልድያ በኩል ወደ ቆቦና ወደ ኮረም እህል ካደረሱት መኪኖች መካከል ኤንትሬዎች ነበሩ። ወገንን ለመውጋት የገባው ስም ለወገን እህል አመላለሰ።

የፊያት የጭነት መኪና ክፍል በ1967 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ ኢቬኮ የሚባለው ኩባንያ ሆነ። ፊያትም ራሱ በ2013 ዓ.ም. ስቴላንቲስ በተባለው ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ገባ። ስሙ እስከ ዛሬ አለ። የፋቾሊ ስም ግን በየትኛውም መኪና ግንባር ላይ ተጽፎ አላየንም።

የእኛዎቹስ ቢሆኑ? መለዋወጫ በጠፋበት ጊዜ ከወዲያ ወዲህ ቀጥለው፣ በየመንገዱ ዳር ባሌስትራ ቀይረው፣ ለኤንትሬ ዕድሜ የጨመሩለት ያገራችን እጆች የት ተጻፉ? አንድ አንጋፋ መካኒክ ሲያርፍ ድንኳን እንተክላለን፣ ቤተሰቡን እናጽናናለን፤ ዕውቀቱ ግን አብሮት አፈር ይገባል። ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፦ የዕድራችን ጸሐፊ በመዝገቡ ላይ ከአባሉ ስም አጠገብ ሙያውን፣ ሥራውን የጀመረበትን ዓመትና ያስተማረውን ሰው ይመዝግብልን። ይህም የሚጠየቀው በሕይወት ሳለ ነው።