የኢንፍሉዌንዛ ክትባትና የመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች በሰርዶ አካባቢ

ሰርዶ ከሎግያና ከሰመራ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በ1961 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ የፈራረሰች ትንሽ የአፋር ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያሉ አርብቶ አደር ሴቶች የኢንፍሉዌንዛ ክትባትን ይቀበላሉ ወይስ አይቀበሉም የሚለው ጥያቄ ገና በተግባር አልተነሣም፤ ክትባቱ በኢትዮጵያ መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ ስለሌለ ቀርቦላቸው አያውቅምና። ለጉዳዩ ቅርብ የሆነው ማሳያ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ላሉ ሴቶች የሚሰጠው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ምክር በኢንፍሉዌንዛ ክትባት ቅድሚያ ሊያገኙ ይገባል ካላቸው መካከል ነፍሰ ጡሮችን አስቀድሟል። በእርግዝና ወቅት በሽታው ይከብዳል። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ደግሞ ራሱ መከተብ ስለማይችል የሚጠበቀው እናቱ ባስተላለፈችለት መከላከያ ነው። በአማርኛ ግን ቀላሉም ከባዱም "ጉንፋን" ይባላል፤ ለጉንፋን ደግሞ ማንም መርፌ አይፈልግም። በ1911 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደገደለ የሚገመተው የኅዳር በሽታ ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠለ "ኅዳር ሲታጠን" የሚለው ሁሉ ይህን አያስተውልም።

የመንጋጋ ቆልፍ ነገር ሌላ ነው። እትብት በንጹሕ ባልሆነ ምላጭ ሲቆረጥ ጨቅላውን የሚገድል በሽታ ነውና፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ወሊዶች 15ቱ ብቻ በጤና ተቋም በተከናወኑበት በአፋር ክልል ክትባቱ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን ማስወገዷ እ.ኤ.አ. በ2017 ተረጋግጧል፤ ያንን ጠብቆ ማቆየት ግን መርፌው ሳይቋረጥ እንዲሰጥ ይጠይቃል። አምስት ጊዜ ነው የሚሰጠው፦ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 4 ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛው ከ6 ወር በኋላ፣ አራተኛውና አምስተኛው በዓመት በዓመት ልዩነት። ዝናብ የጣለበትን ተከትላ ቤቷን ነቅላ ግመል ላይ ጭና የምትሄድ ሴት በአራተኛው ሳምንት የት ትገኛለች? በሪፖርት ላይ "ያቋረጠች" ተብላ የምትመዘገበው ብዙ ጊዜ ይህችው ናት። ስለ እምቢተኝነት ከመናገር በፊት ስለ መንገድ መናገር ይገባል።

እውነተኛ ጥርጣሬም አለ። በሦስት ወር አንዴ የሚሰጠው የወሊድ መከላከያም ክንድ ላይ የሚወጋ መርፌ ነው። በዚያው ጥናት ካገቡት የአፋር ሴቶች የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙት ከ100 ወደ 12 ገደማ ብቻ ሆነው በተገኙበት ክልል "ይህ መርፌ ልጅ ያስቀራል ወይ?" ብላ የምትጠይቅ ሴት ያየችውን ነው የምትጠይቀው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በራሷ ቋንቋ፣ በአፋርኛ፣ የተሟላ መልስ ይገባታል።

መልሱ የሚሰራጨው በዳጉ፣ በአፋሮች የወሬ ቅብብሎሽ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታው ረጅም ነው፤ ከየት እንደመጡ፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደች ተራ በተራ ይነጋገራሉ፤ የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ማድረስም ግዴታ ነው። ክትባት ወስዳ ክንዷ ያበጠ ሴት ወሬ በዚህ መንገድ ከክትባት መኪናው ቀድሞ ይደርሳል። እብጠቱና ትኩሳቱ በአንድ ሁለት ቀን እንደሚለቅ አስቀድሞ የተነገራት ሴት ግን ያንኑም አብራ ትናገራለች።

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ወደ አካባቢው ቢመጣ የሚጠብቀው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ክትባቱ ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። በክትባት መያዣው ሳጥን ውስጥ በደንብ ያልቀለጠ በረዶ ከነካውም ቀዝቅዞ ይበላሻል፤ የመንጋጋ ቆልፉም እንዲሁ። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ስለሚለዋወጥ በየጊዜው አዲስ ክትባት ማምጣት ያስፈልጋል። ሆኖም ለአንድ እርግዝና አንድ መርፌ ይበቃል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነፍሰ ጡሯን ባገኘችበት በዚያው ቀን ከመንጋጋ ቆልፉ ጋር፣ በሌላው ክንዷ ልትሰጣት ትችላለች።