የመንዝ ጓሳና የአፈሩ ልብስ

በደጋ አገር የሚኖር ሰው ከብርድ የሚድነው ልብስ ለብሶ ነው። የደጋ ምድርም እንዲሁ ነው፤ ልብሱም ሣሩ ነው። አባቶች ይህን ዐውቀው እንዴት ያለ ሥርዓት እንዳበጁለት ለመረዳት የመንዝን ጓሳ ታሪክ መመልከት ይበቃል።

ጓሳ የሣር ስም ነው፤ ሣሩ የሚበቅልበትም ምድር በዚሁ ስም ይጠራል። ስፍራው በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአገሩ ሰው በሣሩ ቤቱን ይከድናል፥ ገመድ ይገምዳል፥ ለዝናብ መከለያ ገሳ ይሠራል፤ በድርቅ ዘመንም ከብቱን ያተርፍበታል።

ይህ ሀብት በአንድ ትውልድ እንዳያልቅ ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ ኖረ። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ምድሩን ያቀኑት አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አባቶች ናቸው፤ ዘሮቻቸውም በአጽመ ርስትነት ይጠቀሙበት ነበር። ሕዝቡ የሚመርጠው አለቃ አባ ቄራ ይባል ነበር። እርሱ የሣሩን ማደግ አይቶ ካልፈቀደ በቀር ጓሳው ሦስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቈይ ነበር። የሚከፈተው በበጋ ነበር፤ ክረምቱ ሲገባ፥ ሐምሌ 5 ቀን የሚውለው የሐዋርያት በዓል ሳይደርስ፥ ሰውም ከብትም ወጥቶ እንደገና ይዘጋ ነበር።

የዚህ ቀን አወሳሰን ጥቅሙ ከሣሩ ይልቅ በአፈሩ ይታያል። በከፍተኛ ተራራ ላይ ብርዱ የሞተውን ቅጠልና ሥር ቶሎ እንዳይበሰብስ ስለሚያደርገው፥ ይህ በብዙ ዘመን ተከማችቶ አፈሩን ጥቍርና ውኃ የሚይዝ ያደርገዋል። ሣሩ ሲነሣ ግን ጉዳቱ ተከታትሎ ይመጣል። የዝናቡ ጠብታ ራቁቱን የቀረውን አፈር እየመታ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ በእርጥበት ወራት የሚገባው የከብት ኰቴም ይጠቀጥቀዋል፤ ውኃውም መስረጉን ትቶ በላይ ይፈሳል። ሌሊት ውርጩ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ውኃ ወደ በረዶ ሲለውጠው የላዩን አፈር ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ቀን ፀሐይ ስታቀልጠው ልል ሆኖ ስለሚቀር ነፋስና ጎርፍ ይወስደዋል። ጥላ ያጣው ምድር በቀን ስለሚሞቅ የተጠራቀመው ብስባሽ ያልቃል፤ የሚተካውም አዲስ ሥር የለም። በዚህ ላይ የወደቀ ዘር መብቀል ያቅተዋል። ስለዚህ የሣሩ መጥፋት አፈሩን፥ የአፈሩም መጥፋት ሣሩን ያጠፋል። እንግዲህ ጓሳውን በክረምት መዝጋት አፈሩን እጅግ በሚጐዳበት ወራት መጠበቅ ነበር።

ቄሮ ነቀፋ የሌለበት ሥርዓት አልነበረም፤ የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነ ከጥቅሙ የተገለለ ነበርና። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ይህ አድልዎ ቀረ። ነገር ግን ከአድልዎው ጋራ ጥበቃውም ፈረሰ። የሁሉ የሆነው ጓሳ ጠባቂ አጣ፤ ሣሩም ያለ ወሰን ይታጨድና ይጋጥ ጀመር።

የአካባቢው ሕዝብ ጉዳቱን ተመልክቶ፥ በኋላ ዘመን የአባቶቹን ልማድ ከአዲሱ አስተዳደር ጋራ አስማምቶ ጥበቃውን መለሰ። ጓሳ ዛሬ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ስፍራ ሆኖ ይታወቃል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ የቀድሞ ሥርዓት ሲሻር በውስጡ የነበረውን ጥበብ ለይቶ ማስቀረት እንደሚገባ ነው። ሁለተኛው፥ ሣር ቢታጨድ በዓመታት ሊመለስ ሲችል፥ የታጠበ የደጋ አፈር ግን በሰው ዕድሜ የማይተካ መሆኑ ነው። ሕግ የሚያወጣ ሰው ይህን ልዩነት ዘወትር ሊያስብ ይገባዋል።