ሕፃን ይዘው ወደ ውጭ አገር ሲጓዙ፦ ከቦሌ በፊት ማለቅ ያለባቸው ጉዳዮች

ትንሽ ልጅ ይዞ ወደ ውጭ አገር መሄድ ሲነሳ አብዛኛው ወላጅ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ በረራው ነው። ልጁ ቢያለቅስስ? ተሳፋሪው ቢረበሽስ? ጉዞን የሚያበላሹት ግን በአመዛኙ ከበረራው በፊት ሳያልቁ የቀሩ ጉዳዮች ናቸው፤ በስም ወይም በቀን የማይገናኝ ሰነድ፣ ዘግይቶ የተወሰደ ክትባት፣ ሳይጠየቅ የቀረ የሕፃን አልጋ። በተለይ ቲኬቱንም ሆቴሉንም ያለ አስጎብኚ ድርጅት ራሳቸው ለሚያዘጋጁ ቤተሰቦች ጉድለቱን የሚሞላላቸው ሌላ አካል የለም።

ሰነድ

ሕፃን ልጅ የራሱ ፓስፖርት ሊኖረው ይገባል። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ቢያንስ ለስድስት ወር የሚያገለግል እንዲሆን ይጠይቃሉ።

ለኢትዮጵያውያን ልዩ ትኩረት የሚያስፈልገው የስም ጉዳይ ነው። በአገራችን የጋራ የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለ የእናት፣ የአባትና የልጅ የመጨረሻ ስም በፓስፖርት ላይ ሦስት ዓይነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ለእኛ ግልጽ የሆነው ይህ አሠራር ለውጭ አገር የኢሚግሬሽን ሠራተኛ እንግዳ ነው። የልጅ ስርቆትን ለመከላከል ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግበት ድንበር ላይ ደግሞ እናት ልጇ የራሷ መሆኑን እንድታስረዳ ልትጠየቅ ትችላለች። ስለዚህ የሁለቱም ወላጆች ስም የሰፈረበትና በእንግሊዝኛም የተጻፈ የልደት ምስክር ወረቀት ከፓስፖርቱ ጋር አብሮ መያዝ አለበት።

የልደት ቀኑንም ማመሳከር ያስፈልጋል። በእኛና በፈረንጆች አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት በመሆኑ፣ ሲቀየር የተፈጠረ ስህተት የአንድ ዓመቱን ሕፃን የሁለት ዓመት ሊያደርገው ይችላል።

ልጁ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ የሚሄድ ከሆነ የሌላኛው ወላጅ የስምምነት ደብዳቤ በሰነዶች ማረጋገጫ ተመዝግቦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቢረጋገጥ ይመረጣል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ለሕፃናት ዝርዝር የልደት ምስክር ወረቀት ግዴታ ባደረገች ጊዜ ሰነዱን ያልያዙ በርካታ ቤተሰቦች ከመሳፈር ታግደው ነበር። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2019 ቢላላም ትምህርቱ ግን ዛሬም ይሠራል።

ወደ ሼንገን አገሮች የሚሄዱ ደግሞ ሁለት ነገር ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የቪዛ ክፍያ የለባቸውም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንስ ግን ለሕፃኑም ይጠየቃል።

ክትባት

ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች መካከል ስለምትቆጠር፣ ብዙ አገሮች ከዚህ የሚነሱ መንገደኞችን የክትባት ካርድ ይጠይቃሉ። ግዴታው እንደየአገሩ ከ9 ወር ወይም ከ1 ዓመት ዕድሜ ይጀምራል። ክትባቱ ከ6 ወር በታች ላሉ ሕፃናት አይሰጥም። ካርዱም የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አንድ ጊዜ መከተብ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ኩፍኝ ወደሚዛመትበት አገር ለሚሄድ ሕፃን ሐኪም ከ6 ወሩ ጀምሮ ተጨማሪ ክትባት ሊያዝ ይችላል። ይህ ግን መደበኛዎቹን ዙሮች አይተካም። የኩፍኝና የቢጫ ወባ ክትባቶች በአንድ ቀን ካልተሰጡ በመካከላቸው 28 ቀን እንዲቆይ ስለሚመከር፣ ሐኪም ዘንድ ከጉዞው ሁለት ወር ቀድሞ መሄድ ይበጃል።

ቲኬት

ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ በወላጁ ጭን ላይ ተቀምጦ ይጓዛል፤ በዓለም አቀፍ በረራ የሚከፈለውም ብዙውን ጊዜ ከአዋቂው ዋጋ 10 በመቶ ያህል ነው። ልጁ በጉዞው መካከል ሁለት ዓመት የሚሞላው ከሆነ ለመመለሻው የራሱ ወንበር ያስፈልገዋል። ይህን ሳያውቁ የሚሄዱ ወላጆች በመመለሻቸው ቀን ውድ ቲኬት ለመግዛት ይገደዳሉ።

በረዥም በረራዎች ከፊት ለፊቱ ሌላ ወንበር በሌለበት ረድፍ የሚገጠም የሕፃን አልጋ አለ። ቁጥሩ ውስን፣ የሚሸከመውም ክብደት የተወሰነ ስለሆነ ቲኬቱ እንደተቆረጠ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በአየር ላይ

ሕፃናትን አብዝቶ የሚያስለቅሳቸው የጆሮ ሕመም ነው። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ዓይነት ሲሆን፣ እንደ ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ባሉት አዳዲስ አውሮፕላኖች ደግሞ 1,800 ሜትር ግድም ነው። ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ ሲነሱ ለጆሮ የሚሰማው ለውጥ ትንሽ ነው። የሚያስቸግረው እንደ ዱባይ ባሉ በባሕር ጠረፍ በሚገኙ ከተሞች ሲያርፉ ነው።

ስለዚህ ጡቱን ወይም ጡጦውን ለማረፊያው ያስቀምጡት። አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት ሲጀምር፣ ማለትም ከማረፉ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ፣ ሕፃኑን ቀስቅሶ ማጥባት ይረዳል፤ መዋጥ ጆሮንና ጉሮሮን የሚያገናኘውን ቱቦ ይከፍተዋልና። ጉንፋን ወይም የጆሮ ሕመም ያለበት ልጅ ግን አስቀድሞ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ልጁ እንዲተኛ ተብሎ የጉንፋን ሽሮፕ መስጠት አደገኛ ነው።

ምግብና ጓዝ

በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ የሚለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ ለሕፃን ወተትና ምግብ ልዩነት ተደርጓል። ለጉዞው የሚበቃውን ይዞ ለፈታሹ ማሳየት በቂ ነው።

ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የታሸገና ማቀዝቀዣ የማይፈልግ የሕፃን የዱቄት ወተት ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ለገንፎው ተብሎ የሚቋጠረው ቅቤ ግን የወተት ተዋጽኦ በመሆኑ ክልክል ነው። ኦ አር ኤስ፣ ቴርሞሜትርና በክብደቱ ልክ የታዘዘ የፓራሲታሞል ሽሮፕ ከእጅ ሻንጣ አይለዩ። አንቀልባም ይያዙ፤ ደረጃ በበዛባቸው የአውሮፓ ከተሞች ከጋሪ ይልቅ ይቀላል።

ከደረሱ በኋላ

በአሜሪካና በአውሮፓ ሕፃንን በመኪና ውስጥ ታቅፎ መሄድ ሕግ መጣስ ነው። በአውሮፓ ቁመቱ 135 ሳንቲ ሜትር ያልሞላ ልጅ በራሱ መቀመጫ መታሰር አለበት። ስለዚህ የሚቀበላችሁ ዘመድ መቀመጫውን እንዲያዘጋጅ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀት ደግሞ ጋሪን በጨርቅ መሸፈን ውስጡን እንደ ምድጃ ያግለዋል።

ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች የልጁ እንቅልፍ እስኪስተካከል አንድ ሳምንት ያህል ሊፈጅ ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከፕሮግራም ነፃ ማድረግ ተገቢ ነው። ከዚያም በኋላ በቀን አንድ ቦታ ካዩ በቂ ነው፤ የጉብኝቱን ሰዓት የሚወስነው የልጁ እንቅልፍና ምግብ ነውና።