የጣና ነጭ ዓሣ ስንት ነው?

ትልልቅ ትራውት የሚያጠምዱ ሰዎች መንጠቆ ላይ ላባና ጸጉር ያስሩና መዳፍ የሚያህል ዓሣ ያስመስሉታል፤ ስትሪመር ይሉታል። ውኃ ውስጥ ሳብ፣ ቆም፣ ሳብ ሲያደርጉት የቆሰለ ዓሣ የሚሸሽ ይመስላል፤ አዳኙም ተወርውሮ ይይዘዋል። በኢትዮጵያ ትራውት የሚገኘው በባሌ ተራሮች ወንዞች ነው፤ እሱም ከኬንያ የመጣ እንግዳ ነው። ጎጃም ግን የራሱ አዳኝ አለው። ከሰከላ የሚነሣው ግልገል ዓባይ በሚገባበት በጣና ሐይቅ፣ አጥማጆች ነጭ ዓሣ ከሚሉት ወገን ሌላውን ዓሣ አሳዶ የሚበላ ሞልቷል።

ይህ ወገን የሊቃውንት ክርክር የተነሣበት ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጎንደርና ጣና ደርሶ ሲመለስ ዓሦቹን በተለያየ ስም መዘገባቸው፤ ጎርጓሪ የሚለው ስም ከዚያ ጀምሮ በሳይንስ መዝገብ አለ። በ1902 የለንደኑ ቡላንዤ፣ በ1940 ጣሊያናዊው ቢኒ ሌሎች ስሞች ጨመሩ። በ1973 ባኒስተር የተባለው ተመራማሪ ይህን ሁሉ ጠቅልሎ፣ መልኩ የሚለዋወጥ አንድ ዓሣ ነው አለ።

አንድ አልነበረም። በ1990ዎቹ ከኔዘርላንድ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ናገልከርከና ሲቢንግ አፉን፣ ጭንቅላቱን፣ የሚበላውንና የሚውልበትን ጥልቀት እየመረመሩ 15 ዝርያ ለዩ። ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው። አንዱን፣ ቅርጹን አይተው፣ ትሩቲፎርሚስ አሉት፤ ትራውት መሳይ ማለት ነው።

የሚያስደንቀው ግን ሆዱ ነው። የእነዚህ ዓሦች ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ፣ በሆዱም ጨጓራ የለውም፤ ምግቡን የሚፈጨው ጉሮሮው ውስጥ ባሉ ጥርሶች ነው። እንዲህ ያለ ፍጥረት አዳኝ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው የታችኛው ዓባይ ዓሣ ሽቅብ ሊወጣ አይችልም፤ በጣና የአዳኙ ቦታ ክፍት ነበር፤ ነጩ ዓሣም ያዘው። ጉሮሮው ጠባብ ስለሆነ የሚውጠው የጣት ያህል ትንንሽ ዓሣ ነው። ለትራውት የሚታሰረው የመዳፍ ያህል ስትሪመር ለእሱ ይበዛበታል፤ ቀጭንና ብርማ፣ ከጣት የማይረዝም ይበቃል።

አሁን የሚያሳስበው መንጠቆው አይደለም፣ መረቡ ነው። በደንገል ታንኳ ይጠመድ በነበረው ሐይቅ ላይ በ1986 (እ.ኤ.አ.) የሞተር ጀልባና ረጅም መረብ ገባ። ከዓሦቹ ብዙዎቹ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ጠጠርና ፈጣን ውኃ ወዳለባቸው እንደ ጉማራ ያሉ ገባር ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። መንጋው በወንዙ አፍ ሲሰበሰብ መረቡ ይጠብቀዋል። ከ1991 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣ ብዛት በክብደት ሲለካ 75 በመቶ ቀነሰ። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የወንዙን አፍ በክረምት ካልጠበቀ ግን ለዚህ ዓሣ የሚፈይድለት ጥቂት ነው። በመንጠቆ ማጥመድ የሚወድም ቢሆን በእነዚያ ወራት ወንዞቹን ትቶ ወደ ሐይቁ መሃል ይሂድ፤ ትንንሾቹ ዓሦች በመንጋ የሚዋኙት፣ አዳኙም የሚከተላቸው እዚያ ነው።